«ኅሊናውን ሳተ» ሲባል የትኛው ኅሊና ነው?

መምህር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የክርስቲያን ሥነ ምግባር አስተምራለሁ። ስለ ህሊና ስናወራ አንድ ልጅ እጁን አወጣና «ህሊናውን የሳተ ሰው ኃጢአት ይቆጠርበታል?» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ግማሹ ወድቆ ራሱን ስለማያውቅ ሰው የተጠየቀ መሰለው። ግማሹ ደግሞ ህሊና ቢስ ስለሆነ ሰው። ልጁ የትኛውን እንደፈለገ አልተናገረም፤ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው? «ህሊናህን ተከተል» ስንልስ ተከተል የምንለው ምኑን ነው? ስሜቱን፣ ሐሳቡን ወይስ የእግዚአብሔርን ድምፅ? ይሉኝታንስ እዚሁ ውስጥ ልክተተው?

ልሳነ ግእዝ፦
መምህር፣ አንድ ቃል ናቸው። ግእዙ «ኀለየ» ይላል፤ አሰበ ማለት ነው። «ኅሊና» ከዚያ ወጣ። የመጀመሪያ ትርጉሙ ሐሳብ፣ አእምሮ ነው። አማርኛችንም ይህን አልጣለውም። «በኅሊናዬ ሣልኩት» ስንል ገና ደግና ክፉ ውስጥ አልገባንም። «የኅሊና ጸሎት» ከንፈር ሳይንቀሳቀስ በሐሳብ የሚጸለይ ነው። «ኅሊናውን ሳተ» ከዚህ ወገን ነው፤ ማሰቢያው አልሠራ አለ።

ሌላው ወገን «ኅሊናው ወቀሰው»፣ «ኅሊናውን ሸጠ»፣ «ኅሊና ቢስ» የሚለው ነው። እዚህ ኅሊና ዳኛም ምስክርም ሆኗል። ለዚህ ለውጥ እኔ ትልቁን ድርሻ የምሰጠው ለጳውሎስ መልእክታት ነው። ሮሜ 2፥15 ላይ ሕግ ያልተሰጣቸው አሕዛብ እንኳ ሕጉ በልባቸው እንደተጻፈ፣ ኅሊናቸውም እንደሚመሰክር ይናገራል። ከኅሊና ጀርባ ያለው የግሪክ ቃል «ሲኔይዴሲስ» ነው፤ ሲፈታ «አብሮ ማወቅ» ይሆናል። ማንም ባያይህ አንተ ራስህ አብረህ አይተሃል እንደማለት።

(አጻጻፉን በተመለከተ፦ «ኀ» ነው፣ ብዙኃኑ። በሐመሩ «ሐለየ» ዘመረ ማለት ነው፤ ማሕሌት የመጣው ከዚያ ነው። በ«ህ» የምትጽፉትን አልከስም፤ ዘመኑ የናንተ ነው።)

ጠርጣሪው፦
ልሳነ ግእዝ ያለው ለመምህር ሁለተኛ ጥያቄ ቁልፍ ይሰጣል። የቃሉ ሥር ሐሳብ ከሆነ ኅሊናን እንደ ውስጣዊ ስሜት ብቻ ማስተማር አይበቃም ማለት ነው። የካቶሊኩ ሊቅ ቶማስ አኳይናስ በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፈውም ይህንኑ ነው። ለሱ ኅሊና ስሜት አይደለም፤ የምታውቀውን በምትሠራው ሥራ ላይ ማዋል ነው።

ለልጆቹ እንዲህ ቢነገር ይገባቸዋል። አደራ መብላት ክፉ ነው። ይህ ገንዘብ አደራ ነው። ስለዚህ አልነካውም። ያቺ «ስለዚህ» የኅሊና ሥራ ናት። ሐሳብ ስለሆነ ደግሞ ይሳሳታል። አንዱ መነሻው ራሱ ጠማማ ይሆናል። ሌላው መነሻው ደህና ሆኖ «ይሄ እኮ አደራ አይደለም፣ ብድር ነው» እያለ ራሱን ይሸነግላል። ከልምዴ ሁለተኛው ይበዛል።

እና የተሳሳተ ኅሊና ይታዘዙታል? አኳይናስ እዚህ ላይ አይለሳለስም። ክፉ ነው ብለህ ከልብህ ያመንከውን ነገር ብታደርግ፣ ነገሩ በራሱ ክፉ ባይሆን እንኳ በድለሃል። ጳውሎስም በሮሜ 14 እና በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ስለ መብል ሲጽፍ የደካማውን ኅሊና አትርገጡ ይላል፤ መብሉ በራሱ ችግር ባይኖርበትም። ግን ተቃራኒው በር ክፍት አይደለም። «ኅሊናዬ አልወቀሰኝም» ማለት ነጻ ነኝ ማለት አይደለም። አለማወቅህ ከገዛ ስንፍናህ የመጣ ከሆነ ተጠያቂ ነህ።

የዚያ ልጅ ጥያቄ ቀልድ የሚመስለው ላይ ላዩን ነው። ታሞ ኅሊናውን የሳተ ሰው በዚያ ሰዓት ላደረገው አይጠየቅም። ሰክሮ የሳተውስ? አርስቶትል በ«ኒቆማኮስ ሥነ ምግባር» ሦስተኛ መጽሐፍ ይህንኑ አንስቷል። ሰክሮ ያጠፋ ቅጣቱ እጥፍ የሚሆንበት ሕግ እንደነበር ጠቅሶ ምክንያቱን ይነግረናል፦ አለመስከር በእጁ ነበር። ልጁን ለፈላስፋነት እጩ አድርጉልኝ።

ሰያፍ፦
ጠርጣሪው፣ ስሜትን እንዲህ በአንድ ምት አታባርረው። ፈላስፋው ሩሶ በ1762 እ.ኤ.አ. ኅሊናን መለኮታዊ ደመ ነፍስ ብሎታል። እኛስ «ኅሊናዬ እሺ አላለኝም» የምንለው አስልተን ነው? መጀመሪያ ይከብደናል፣ ምክንያቱን ኋላ እንፈልጋለን። ሥሩ ሐሳብ ይሁን፣ አነጋገራችን ግን ወደ ስሜቱ አድልቷል።

ጠርጣሪው፦
አድልቷል፤ አልክድም። ግን ከበደኝ ማለት ልክ ነኝ ማለት አይሆንም። በዘረኝነት ያደገ ሰው ከተናቀው ጎረቤቱ ጋር መብላት ይከብደዋል። ያንን ክብደት ኅሊና ልትለው ነው? መምህር፣ ይህን ምሳሌ ክፍል ውስጥ ጣሉትና ሲከራከሩ ይዩ።

አጭር መልስ፦
ስለ ይሉኝታ፦ አይክተቱት። ቃሉ ራሱ ይናገራል፤ «ሰው ምን ይለኛል»። የፕላቶን የጊጌስን ቀለበት ይስጧቸው፣ ከ«ሪፐብሊክ» ሁለተኛ መጽሐፍ። ቀለበቱን አዙሮ የማይታይ የሆነ እረኛ። ቀለበቱን ሲያደርግ የሚጠፋው ይሉኝታ ነው፣ ካለ የሚተርፈው ኅሊና ነው።

ልሳነ ግእዝ፦
ልክ ነው፣ ግን በይሉኝታ ላይ ጨክነሃል። «ይሉኝታ ቢስ» ብለን የምንሰድበው ለምንድን ነው ታዲያ? ዝም ብሎ አጉል ነገር ቢሆን ኖሮ የሌለው ሰው ይመሰገን ነበር። አማርኛው ሁለቱንም ፊቱን ያውቀዋል፤ «በይሉኝታ ተጎዳ» ይላል፣ «ይሉኝታ ቢስ» ብሎም ይሳደባል።

አጭር መልስ፦
ተረታሁ ልበል እንዴ? አርስቶትልም ካንተ ጋር ነው። ኀፍረት ወጣቶችን ያምርባቸዋል ይላል፤ በስሜት ስለሚነዱ ብዙ ያጠፋሉ፣ ኀፍረት ያግዳቸዋል። ትልቅ ሰውን ግን «ኀፍረት ያውቃል» ብሎ የሚያመሰግን የለም፤ መጀመሪያውኑ የሚያሳፍር ነገር ማድረግ የለበትምና። ለ16 ዓመት ልጅ ይሉኝታ መጥፎ ሞግዚት አይደለችም። 40 ዓመት ሞልቶትም እሷ ብቻ የምትጠብቀው ከሆነ ነው ጉዱ።

ሰያፍ፦
በነገራችን ላይ መምህር፣ ትምህርቱን «የሞራል ፍልስፍና» ብለው እንዳይጠሩት። «ሞራሌ ወደቀ»፣ «ሞራል ስጡት» ለለመደ ጆሮ የእግር ኳስ ቡድን ማነቃቂያ ነው የሚመስለው። «ሥነ ምግባር» ይሻላል። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው፤ ሠናይም መልካምም ውብም ነው። የግሪኩ «ካሎን» እንዲሁ ሁለቱንም ይይዛል፣ አርስቶትልም ደገኛ ሰው ለካሎን ሲል ይሠራል ይላል። አማርኛው ሳይሰማው እዚያ ደርሷል።

መምህር፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዘረኝነቱን ምሳሌ ወስጃለሁ። አንዲት ነገር ብቻ ቀረችኝ። ልጆቹ ጸጸትና ንስሐን አንድ ያደርጉብኛል። ይሁዳንና ጴጥሮስን አንስቼ፣ ይሁዳ ተጸጸተ፣ ጴጥሮስ ንስሐ ገባ ብዬ ብለያያቸው ያስኬዳል?

ልሳነ ግእዝ፦
ግማሽ መንገድ ያስኬዳል። ማቴዎስ 27፥3 ስለ ይሁዳ «ተጸጸተ» ይላል። ግሪኩም ለንስሐ የሚያዘወትረውን «ሜታኖያ» ትቶ ሌላ ቃል ነው የተጠቀመው። ሜታኖያ የአስተሳሰብ መለወጥ ነው፤ ያው ሐሳብ ተመልሶ መጣ። ጸጸት ግን ያለፈውን እያዩ መቃጠል ነው፤ ወዴት እንደሚወስድህ ገና አይታወቅም።

ጠርጣሪው፦
ሌላውን ግማሽ እኔ ልበል። ስለ ጴጥሮስ እዚያ «ንስሐ ገባ» የሚል ቃል የለም። የጌታን ቃል አስታወሰ፣ ወጥቶም መራራ ልቅሶ አለቀሰ፤ በቃ። ይሁዳ እንዲያውም ከሱ የበለጠ ነገር አድርጓል። በደሌ ነው ብሎ በአፉ ተናገረ፣ 30ውንም ብር መለሰ። ስለዚህ መምህር፣ በቃሉ ብቻ ከለዩ አንድ ጎበዝ ተማሪ ጥቅሱን ገልጦ ያፋጥጥዎታል። ልዩነቱ ከልቅሶው በኋላ ባለው ነው፤ አንዱ ወደ ወንድሞቹ ተመለሰ፣ ሌላው ብቻውን ሄደ። ማቴዎስ 26 መጨረሻን እና 27 መጀመሪያን አያይዘው ያስነብቧቸው፤ ክፍለ ጊዜው ሳይበቃዎት አይቀርም።