ከአዳማ አዋሽ ፏፏቴ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ፦ ቪትዝ ትችላለች?

ሰኒ_ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። በጥቅምት መጨረሻ አንድ ቅዳሜ ከአዳማ ተነስተን አዋሽ ፓርክ ውስጥ ያለውን ፏፏቴ አይተን ማታ ቤታችን መግባት አስበናል። አምስት ነን፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ እና የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉ። መኪናችን ቪትዝ ናት። ስንት ሰዓት ብንነሳ ይሻላል? ከፓርኩ በር እስከ ፏፏቴው ቪትዝ ትገባለች? ልጆቹ ውሃው ዳር እግራቸውን ቢነክሩ ችግር አለው? በዚያው ፍልውሃውንም ለማየት ጊዜ ይበቃናል?

የመተሐራ_መስመር

እህቴ፣ ወሩን ጥሩ መርጠሻል። የክረምቱ ውሃ ገና አልጎደለም፣ መንገዱ ግን ደርቋል። ሐምሌና ነሐሴ ውሃው ቡናማ ሆኖ ሲወርድ የበለጠ ግርማ አለው፤ ችግሩ የፓርኩ መንገድ ያኔ ይጨቀያል፣ ትንሽ መኪና ጎማዋ እየዞረ እዚያው ትቀራለች። ከጥር ወዲህ ደግሞ ውሃው ይሳሳል፣ ጭርሱን ግን አይደርቅም። ከላይ የቆቃ ግድብ ለመብራትና ለመስኖ እያለ በበጋም ስለሚለቅ ነው።

ሌሊት 11 ሰዓት ከአዳማ ውጡ። በወለንጭቲ አድርጎ መተሐራ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሰቃ ሐይቅን ስታዩ ከተማው ደርሷል ማለት ነው። ቁርስ እዚያ ብሉ። ከመተሐራ በኋላ የፓርኩ ዋና በር በስተቀኝ ይመጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «አዋሽ ፏፏቴ» ሲባል አዋሽ ሰባት ኪሎ ከተማ ይመስለውና በሩን አልፎ ይነጉዳል፣ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ፏፏቴው ከተማው ውስጥ አይደለም። ከተማው ከመድረሱ በፊት ነው የሚታጠፈው።

ከበሩ እስከ ፏፏቴው 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠጠር መንገድ ነው፣ ኢላላ ሳላ በሚባለው ሜዳ ላይ ያልፋል። በደረቅ ጊዜ ቪትዝ ትገባለች። ግን አምስት ሰውና ዕቃ ተጭኖባት ሆዷ መሬት ይጠጋል። ከባድ መኪኖች ጎማቸው ያለፈበትን ቦይ ስለሚያጎደጉዱት መሐሉ ጉብ ይላል፤ ቦዩን ይዘሽ ከነዳሽ ያ ጉብታ ከሞተሩ ስር ያለውን የዘይት ኮፓ ይመታዋል። አንዱን ጎማ ጉብታው ላይ፣ ሌላውን ጠርዙ ላይ አድርገሽ በ20 ሂጂ። እንደ ወንፊት የሚያንቀጠቅጠው ቦታ ላይ በፍጥነት ካለፍኩት አይሰማኝም የሚል ሾፌር አለ፤ እውነት ነው አይሰማውም፣ መሪው ግን አይታዘዘውም።

ስኮርት ጎማውን ከመነሳታችሁ በፊት አስነፉት፣ ክሪኩም መሥራቱን እዩ። የግራር እሾህ ጎማ ይበሳል፣ ፓርኩ ውስጥ ደግሞ ጎሚስታ የለም። ነዳጅም አዳማ ላይ ሙሉ።

ገደል_ዳር

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ስለ ልጆቹ ግን እኔ ልጨምር፣ ዋናው ጉዳይ እሱ ነውና።

እግር መንከር የለም። አዋሽ ውስጥ አዞ አለ፤ ከፏፏቴው በታች ውሃው ረጋ የሚልባቸው ኩሬዎችና የአሸዋ ዳርቻዎች ማረፊያዎቹ ናቸው። ከላይ በኩል ደግሞ ድንጋዩን ውሃው ለዘመናት አለስልሶታል፣ ፍንጣቂው ሁልጊዜ ያረጥበዋል፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ሽበት ይዟል። ደረቅ የሚመስለውም ያንሸራትታል። የ4 ዓመቱን ልጅ እጅ አንድ አዋቂ ብቻ ይያዝ፣ «አንተ ይዘኸው መስሎኝ» እንዳይመጣ።

ለእናትሽ ከላይ ሆነው የሚያዩበት ቦታ አለ፤ ሎጁ ያለው ፏፏቴው አጠገብ ስለሆነ ተቀምጠው ሻይ እየጠጡ ማየት ይችላሉ። ወደ ገደሉ ለመውረድ አይሞክሩ። መውረዱ ቀላል ነው፣ የሚያስቸግረው በሙቀት መውጣቱ ነው። ቦታው ከአዳማ ብዙ ዝቅ ያለ ቆላ ነው፤ ለአንድ አዋቂ 3 ሊትር ውሃ ያዙ።

ስለ ዝንጀሮዎቹም ማንም አያስጠነቅቅም። የሚያውቁት ድምፅ የፌስታል ኮሽታ ነው። ልጅ ብስኩት ከፈታ ከዛፍ ላይ ወርዶ ከእጁ ይነጥቀዋል፣ ልጁ ከያዘው ደግሞ ይቧጭራል። ምግብ በዚፕ ቦርሳ ውስጥ፣ ቦርሳው መኪና ውስጥ፣ መስኮቱ ጥርቅም ብሎ ይዘጋ። ከቀረበ ዓይን ዓይኑን አትዩት፣ አትሩጡም፤ የያዛችሁትን ጥላችሁ ቀስ ብላችሁ ራቁ። (በነገራችን ላይ እዚያ አካባቢ ሁለት ዓይነት ዝንጀሮዎች ተገናኝተው ይዳቀላሉ፤ ተመራማሪ ከሩቅ የሚመጣው ለእነሱ ነው፣ እኛ ግን ሙዝ እንዳይሰርቁን ብቻ ነው የምናያቸው።)

ሳላ (ሜዳው ላይ የሚግጠው ቀንዳም የዱር እንስሳ) ስታዩ ከመኪና አትውረዱ። ቀንዱ ረጅም ነው፣ ደግሞ ሣሩ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ አይታወቅም።

በረኸኛው

ፍልውሃውን ተዉት። ከአስፋልቱ ማዶ በሰሜን በኩል ነው፣ ከፏፏቴው በተቃራኒ አቅጣጫ፤ መንገዱም ከፍ ያለ መኪና ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ቀን ማለት ሁለቱንም በችኮላ ማለት ነው። ልጆቹ ሙቅ ውሃ ከናፈቃቸው ሶደሬ እዚሁ አፍንጫችሁ ስር አለላችሁ፣ ሌላ ቅዳሜ ሂዱ።

አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂ፦ የአዋሽ ፏፏቴ ከፍታው ትንሽ ነው። ጢስ ዓባይን እያሰበ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል። እዚህ የሚያምረው ወንዙ ተበታትኖ በብዙ መስመር ጥቁሩ ድንጋይ ላይ መውረዱና ከዚያ ወዲያ የሚከፈተው ገደል ነው። ስለዚህ ፏፏቴውን አይታችሁ ወዲያው አትመለሱ፣ የገደሉን አፋፍ ይዛችሁ ትንሽ እዩት። ከጠርዙ ግን ራቅ በሉ። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ ተራራ አካባቢ መሬቱ በተደጋጋሚ ተንቀጥቅጧል፤ የተሰነጠቀ አፋፍ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ሞኝነት ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ቀን የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ መተሐራ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቁ፤ መናኸሪያ ብቅ ማለት ይበቃል።

ለበሩ መታወቂያ ያዙ፣ የአገር ውስጥ ዋጋ የሚከፈለው በእሱ ነው። ለሰውና ለመኪና ለየብቻ ይከፈላል፣ ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) አብሯችሁ እንዲሄድ ከወሰዳችሁም እንዲሁ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሞባይል ክፍያ ስለማይሠራ ጥሬ ብር ይኑራችሁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

መመለሻውን አጥብቃችሁ ያዙት፦ ከፏፏቴው 8 ሰዓት ላይ ውጡ። ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ዓይን ውስጥ ትገባለች፣ ሲመሽ ደግሞ ግመል አስፋልት ላይ ይተኛል፣ የኋላ መብራት የሌለው ተሳቢም ይቆማል። የጅቡቲ መስመር መሆኑን አትርሺ።

ሰኒ_ከአዳማ

እግዜር ይስጥልኝ። ኮፓው አስፈራኝ። ቪትዟን መተሐራ አቁመን ከዚያ መኪና ኮንትራት ብንይዝስ?

የመተሐራ_መስመር

ይቻላል፣ አባዱላ ወይም ከፍ ያለ መኪና ፈልጊ። ባጃጅ አትያዢ፤ አውሬ ባለበት ሜዳ ላይ በሩ ክፍት በሆነ ነገር ከልጅ ጋር አይገባም። ዋጋ ስትነጋገሩ ሦስት ነገር ቁረጡ፦ ስንት ሰዓት ቆሞ እንደሚጠብቅ፣ የመኪናውን መግቢያ ማን እንደሚከፍል፣ ጎማ ቢበሳ የማን ወጪ እንደሆነ። ከመቀመጣችሁ በፊት ስኮርቱን በዓይንሽ እዪው። «አለ» ሲልሽ በቃል አትመኚ፣ ያስከፍትልሽ።