ምጣዴ ማታ ማታ አልጋግር አለኝ፣ ሒሳቡን አሳዩኝ

የበረንዳዋ ጋጋሪ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው። የኤሌክትሪክ ምጣዴ ጠዋት አንደኛ ነው፣ እንጀራው ዓይን በዓይን ይሆናል። ማታ ግን አክንባሎውን ባነሳ ባነሳ ሊጡ ጥሬ ነው፣ ጠርዙም አይነሳልኝም። ሠራተኛ ጠርቼ ጠዋት ኩሽና ውስጥ ምጣዱ በርቶ ሲለካው 220 ቮልት፣ 16 አምፔር አለ። "ሽቦውን ትንሽ ላሳጥረው፣ የበለጠ ይግላል" ብሎኛል። ሬዚስታንሱና ዋቱ እንዴት ነው የሚሰላው? ሽቦውስ ይጠር ወይስ ይቅር?

ቾክ በእጄ፦ ቀላል ነው እህቴ። ቮልቱን ለአምፔሩ አካፍይው፦ 220 ÷ 16 = 13.75 ኦም፣ ሬዚስታንሱ ይሄ ነው። ዋቱን ከፈለግሽ ደግሞ አባዢው፦ 220 × 16 = 3520 ዋት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከበራ ቆጣሪሽ 7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቆጥራል። ኦሙን በቴስተር የሚለካልሽ ካለ ግን መጀመሪያ ምጣዱ ከሶኬት ይነቀል። ቀዝቅዞ ሲለካ ከ13.75 ትንሽ ቢያንስ አትደንግጪ፣ ሽቦው ሲግል ኦሙ ከፍ ይላል።

አራዳው፦ ማታ መብራት ይደክማላ። ቮልት ሲወርድ አምፔር ይጨምራል፣ ብሬከሩን በትልቅ ቀይሪው።

ሽቦ ጎታች፦ ኧረ ተው ወንድሜ! እሱ ሞተር ላለው ነገር ነው፣ ለፍሪጅ ምናምን። ምጣድ ሽቦ ብቻ ስለሆነ ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም አብሮት ይወርዳል። 180 ቮልት ቢገባ 180 ÷ 13.75 = 13.1 አምፔር፣ ዋቱ 2356 ገደማ ነው። ቮልቱ የቀነሰው አንድ አምስተኛ እንኳ አይሞላም፣ ሙቀቱ ግን አንድ ሦስተኛው ሄደ። ብሬከሩም አይነካ።

እህቴ፣ ሽቦውን እንዳታስቆርጪ። አንድ አሥረኛው ቢቆረጥ 12.4 ኦም ይቀራል፣ ጠዋት 220 ሲመጣለት 17.8 አምፔር ይስባል። ሶኬቱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ16 ነው። ስንቱን የቀለጠ ሶኬት ከግድግዳ ነቅያለሁ መሰለሽ። ለመሆኑ ማታም የምትሰኪው እዚያው ሶኬት ላይ ነው? ሠራተኛው ማታ መጥቶ ምጣዱ በርቶ እያለ ይለካልሽ፣ ጠፍቶ የተለካ ቮልት አይታመንም።

የበረንዳዋ ጋጋሪ፦ ማታ በረንዳ ላይ ነው፣ በዲቫይደር። ልጆቹ ኩሽና ውስጥ ያጠናሉ። ትናንት ማታ መጥቶ ለካልኝ፦ ምጣዱ ኩሽና ሲሰካ 203 ቮልት፣ በረንዳ ላይ 181።

ሽቦ ጎታች፦ በቃ ተገኘ! የሰፈሩ መብራት የወሰደብሽ 17 ቮልት ነው፣ ዲቫይደርሽ ግን 22። በረንዳ ላይ 181 ÷ 13.75 = 13.2 አምፔር ይሄዳል፣ 22 × 13.2 ደግሞ 290 ዋት። ይሄ ሁሉ ሙቀት ምጣዱ ጋ ሳይደርስ ገመዱን እያሞቀ ነው። ዛሬውኑ ንቀይው፣ በተለይ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ነገር ያመጣል።

ቾክ በእጄ፦ ኩሽና ያለውን ደግሞ አንቺ ሞክሪው፣ መልሱን አልነግርሽም።

የበረንዳዋ ጋጋሪ፦ 203 ÷ 13.75 = 14.8 አምፔር። 203 × 14.8 ወደ 3000 ዋት መጣልኝ፣ ልክ ነኝ? ዲቫይደሩን ነቅዬ ሳየው መሰኪያው ጥግ ላይ ቡናማ ሆኗል፣ የተጠቀለለው ገመድም እጅ አያስነካም። ዛሬ ማታ ኩሽና ጋገርኩ። የጠዋቱን ባያህልም ዓይን አውጥቷል። ልጆቹ በረንዳ ላይ እያጠኑ ነው፣ ብርድ አለ እያሉ ያጉረመርማሉ።