ለላንጋኖ ፖንቱን ጀልባ 90 የፈረስ ጉልበት ይበቃል?

ሰላም ወገኖች። ድሬ የባጃጅ መካኒክ ሞልቷል፤ የጀልባ ግን የሚጠየቅ ጠፋ። ላንጋኖ ላይ ለሚሠራ ባለ ሁለት ቱቦ፣ 6.7 ሜትር ፖንቱን (በቱቦዎች ላይ የሚንሳፈፍ ጠፍጣፋ ጀልባ) ሞተር መምረጥ አቅቶኛል። 8 ሰው ጭኖ ተንሳፋፊ ጎማ በሰዓት ከ25 እስከ 30 ኪሎ ሜትር፣ የውኃ ስኪ ደግሞ ከ35 በላይ መጎተት አለበት። ሻጩ «90 ይበቃል» ይላል። ሐይቁ ግን 1,580 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር 15 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ 90ው ወደ 76 ወረደ ማለት ነው። ጎማውን ይጎትት ይሆናል፣ ስኪ ያሰረን ሰው ከውኃ ማንሳቱ ግን ያጠራጥረኛል። የፕሮፔለር ፒች (ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት የሚሄደው ርቀት) በ1 ወይም 2 ኢንች ቢቀነስ የሞተሩ ዙር ይጨምራል እንጂ የጠፋው ጉልበት አይመለስም። የጀልባው ሰሌዳ የሚፈቅደው ጣሪያ 115 ነው። እሱን ልግጠም ወይስ ባለ ሦስት ቱቦ ልፈልግ? ከፍታ ላይ የሠራችሁ፣ በስንት ፒች፣ ሙሉ ጋዝ ላይ ስንት ዙር እንዳገኛችሁ ጻፉልኝ።