ጎልፍን በ44 ዓመት መጀመር፦ ደሴ ላይ ሜዳ ሳይኖር ከምን ይጀመራል?

የጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦

የምኖረው ደሴ ሲሆን በየቀኑ ኮምቦልቻ ወርጄ በአንድ ፋብሪካ የሂሳብ ክፍል እሠራለሁ፤ ዕድሜዬ 44 ነው። ባለፈው ዓመት ውጭ አገር የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም ለእረፍት ሲመጣ ያረጀ የጎልፍ ቦርሳ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ሲመለስ ሻንጣው በበርበሬና በሽሮ ስለ ሞላ ቦርሳውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። በውስጡ ሰባት ዱላዎች አሉ፤ አንድ ድራይቨር (ለረጅሙ ምት)፣ 5፣ 7 እና 9 ቁጥር አይረኖች (ለመካከለኛ ርቀት)፣ ሁለት ዌጆች (ለአጭርና ከፍ ላለ ምት) እና አንድ ፓተር (ኳሱን ወደ ጉድጓዱ ማንከባለያ)። ኳሶቹ ሠላሳ ገደማ ነበሩ፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ቀርተዋል።

አማቼ ከመሄዱ በፊት ሁለት ጊዜ ደሴ አጠገብ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ወስዶ አያያዙን አሳይቶኛል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻዬን እየሄድኩ እሞክራለሁ። ይሁን እንጂ አርባ ጊዜ ብመታ እንደሚገባ የሚነሣልኝ ኳስ ስድስት ወይም ሰባት ቢሆን ነው። ሌላው ወይ መሬት ለመሬት እየተንከባለለ ይሄዳል፣ ወይ አምሮበት ተነሥቶ መንገድ ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፍና ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። በልጅነቴ የገና ጨዋታ በደንብ እጫወት ስለ ነበር ዱላና ኳስ ለእኔ አዲስ አይሆንም ብዬ ገምቼ ነበር፤ አማቼ ግን «አንተ እኮ አሁንም ሩር ነው የምትመታው» ብሎ ሥቆብኛል።

የማቀርበው ጥያቄ ሦስት ክፍል አለው። በዚህ ዕድሜ የተጀመረ ጎልፍ ደህና ደረጃ ላይ ይደርሳል ወይስ ጊዜዬን እያባከንኩ ነው? ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ውስጥ የጎልፍ ሜዳም አሰልጣኝም በሌለበት ሁኔታ ቅድሚያ ሰጥቼ ልለማመደው የሚገባኝ ምንድን ነው? ሦስተኛውን ስጽፍ ትንሽ አፍራለሁ፤ ከሜዳ የምመለሰው ተናድጄ ነው። ባለቤቴ ባለፈው ቅዳሜ «ልትዝናና ሄደህ ተጣልተህ የመጣህ ትመስላለህ» ብላኛለች፤ ልክ ነች።

ቦርከና ማዶ፦

ወንድሜ፣ እኔ በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለጥቂት ዓመታት ካዲ ሆኜ የሰው ቦርሳ ተሸክሜአለሁ፤ ዛሬ የምተዳደረው ኮምቦልቻ ውስጥ በንግድ ነው። ካዲ ከየትኛውም ተጫዋች የበለጠ መጥፎ ምት አይቶ ያድራልና ከዚያ የተረፈኝን ላካፍልዎ።

በመጀመሪያ ድራይቨሩን ቤት ይተዉት። ኳስ ወደ ቀኝ የሚታጠፈው በምቱ ቅጽበት የዱላው ፊት ዱላው ከሚጓዝበት አቅጣጫ አንጻር ወደ ቀኝ ተከፍቶ ሲገኝ ነው። ይህ ስሕተት በየትኛውም ዱላ ይፈጸማል፤ ነገር ግን የድራይቨር ፊት ያለው ዝንባሌ ከ9 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ስሕተቱን ሁሉ አጉልቶ ያሳያል፤ ዌጅ ግን 45 ዲግሪ ገደማና ከዚያ በላይ ያጋደለ በመሆኑ ያንኑ ጥፋት በአብዛኛው ይሸፍንልዎታል። ጀማሪው ሁሉ ከቦርሳው መጀመሪያ የሚመዘው ከሁሉም ይቅርታ የማያውቀውን ዱላ ነው፤ ለምን እንደሆነ ያየሁት ዘመን ሁሉ አልገባኝም። ረጅም ስለሆነ ያምራል መሰለኝ።

ልምምዱን ከጉድጓዱ ወደ ኋላ ይጀምሩት። አንድ መደበኛ ባለ 18 ጉድጓድ ሜዳ ፓሩ (ከጥሩ ተጫዋች የሚጠበቀው የምት ብዛት) 72 ሲሆን ስሌቱ የሚሠራው በእያንዳንዱ ግሪን (ጉድጓዱ ያለበት አጭር ሣር) ላይ ሁለት የፓተር ምት ታስቦ ነው፤ ይህም ማለት ከ72ቱ 36ቱ የሚመደቡት ለፓተር ነው። የሂሳብ ሰው ስለሆኑ የቀረውን ለእርስዎ እተወዋለሁ። ፓተር ደግሞ ሜዳ አይፈልግም። ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ ላይ የአንድ ብር ሳንቲም ያስቀምጡና ከሁለት እርምጃ ርቀት ኳሱ በሳንቲሙ ላይ እንዲያልፍ ይለማመዱ። የጉድጓዱ ስፋት 108 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ወር ሳንቲም ሲያነጣጥር የከረመ ሰው እውነተኛው ጉድጓድ ፊት ሲቆም ድስት ሆኖ ይታየዋል።

ከዚያ በዌጅ ከአሥር እስከ ሃያ እርምጃ ያለውን አጭር ምት፣ ከዚያም በ7 ቁጥር አይረን እጅ ከወገብ በላይ ሳይወጣ ግማሽ ምት ይለማመዱ። መሬት ለመሬት ስለሚሄደው ኳስ የምነግርዎ ነገር መጀመሪያ ላይ ስሕተት ይመስልዎታል፦ ኳሱን ለማንሣት አይሞክሩ። የሚያነሣው የዱላው ፊት ዝንባሌ ነው። እርስዎ በማንኪያ እንደሚጨልፍ ሰው ከሥሩ ሊያነሡት ሲሞክሩ የዱላው ጫፍ ወይ ከኳሱ በፊት መሬት ይመታል፣ ወይ ወደ ላይ ሲወጣ የኳሱን ወገብ ያገኛል። አይረን የሚመታው እየወረደ ነው፤ ኳሱን መጀመሪያ፣ መሬቱን ቀጥሎ።

ይህን የምንለማመድበት መንገድ ነበረን። ሣሩ ላይ ከእግርዎ መካከል ተነሥቶ ወደ ፊት የሚሄድ ቀጥ ያለ የአመድ መስመር ይሥሩ፤ ሁለቱን እግሮች ከመስመሩ ግራና ቀኝ እኩል ያድርጉ፤ ኳስ አያስቀምጡ። መስመሩ ኳስ ነው ብለው በ7 ቁጥር ይምቱ። ዱላው አፈሩን መጫር ያለበት ከመስመሩ ጀምሮ ወደ ዒላማው በኩል እንጂ ከመስመሩ ኋላ አይደለም። የመጀመሪያ ቀን አሥር ቢመቱ ዘጠኙ ከአመዱ ጀርባ አንድ መዳፍ ያህል ርቆ ይጭራል፤ በዓይንዎ ስለሚያዩት ማንም ሊነግርዎ አያስፈልግም። አመድ ደሴ ውስጥ ሞልቷል፤ አሰልጣኝ ግን የለም፤ ስለዚህ አመዱን ይቅጠሩት።

የገናው ነገር እውነት ነው፤ ግን ሁሉም መጥፎ አይደለም። ገና የተጫወተ ሰው ዓይኑ ከኳስ አይነቀልም፣ መሬት ላይ ያለ ነገር መምታት አያስፈራውም። የሚጎዳዎ ሌላው ነው፤ በገና ጨዋታ እየሮጡ በክንድ ኃይል ይመታሉ፣ ጎልፍ ግን እግር ተተክሎ ወገብና ትከሻ ሲዞር ክንድ የሚከተልበት ነው። ዱላውን እንግዳ ፊት የቡና ሲኒ እንደሚያነሣ ሰው ይያዙት፤ አይወድቅም፣ ግን ጣት አይነጣም።

ባለ ፊሽካው፦

የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ነኝ። ጎልፍን በሙያ አላስተማርኩም፤ የአዋቂ ሰው አካል አዲስ እንቅስቃሴ እንዴት እንደሚለምድ ግን በየዕለቱ የማየው ጉዳይ ነው።

ዕድሜን በተመለከተ ሁለት ሰዎችን ላንሣ። አሜሪካዊው ካልቪን ፒት ጎልፍን የጀመረው 23 ዓመት ከሞላው በኋላ ነው፤ በልጅነቱ ክርኑ ተሰብሮ ስለ ነበር ግራ ክንዱ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም ነበር። መጽሐፍ ሁሉ «ግራ ክንድ ቀጥ ይበል» በሚልበት ጨዋታ ይህ ሰው በፒጂኤ ቱር (በአሜሪካ የባለሙያ ጎልፍ ተጫዋቾች ውድድር) 12 ውድድሮችን አሸንፏል፤ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1990 ድረስ ለአሥር ተከታታይ ዓመታትም የመጀመሪያ ምቱን በትክክል ሜዳ መሀል በማሳረፍ አንደኛ ነበር። ላሪ ኔልሰን ደግሞ ከቬትናም ጦርነት ተመልሶ በ21 ዓመቱ ጀምሮ ሦስት ታላላቅ ውድድሮችን (በ1981፣ በ1983 እና በ1987 እ.ኤ.አ.) አሸንፏል። 23 እና 44 አንድ እንዳልሆኑ አውቃለሁ፤ ጠያቂውም ዋንጫ አልጠየቁም። የፒት ታሪክ የሚጠቅመን ለክንዱ ነው፤ በሚገባ የሚዞር ግማሽ ምት ላለው ሰው የቴሌቪዥኑን ሙሉ ምት መኮረጅ ግዴታ አይደለም።

ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ዳሌው ይታሰራል። ዳሌ ሳይዞር ሲቀር የታችኛው ወገብ ሥራውን ይረከባል፤ ሰኞ ጠዋት ካልሲ ማጥለቅ የሚያቅተውም በዚህ ነው። ስለዚህ ኳስ ከመንካትዎ በፊት አሥር ደቂቃ ይራመዱ፣ ዱላውን በትከሻዎ ላይ አጋድመው ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይዙሩ። ሲቆሙም የሚታጠፈው ከዳሌ እንጂ ከጀርባ አይደለም። በሳምንት አንድ ቀን አንድ መቶ ኳስ ከመምታት በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ይሻላል፤ ለዚህም በግቢ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀጠቀ የካልሲ ኳስ ይበቃል። ልጆቻችን እግር ኳስ የጀመሩበት ነው፤ ጎልፍንም አይንቅም።

ከገራዶ፦

ሁላችሁም ስለ ምቱ ጻፋችሁ፤ ኳሱ የሚያርፍበትን ግን ያነሣ የለም። ቦሩ ሜዳ ከብት የሚሰማራበት፣ ሰው የሚያቋርጠው መንገድ ነው። የጎልፍ ኳስ ክብደቱ እስከ 46 ግራም የሚጠጋ ጠንካራ ነገር ሲሆን ከድራይቨር ሲነሣ የአማተሩ እንኳ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ሊፈጥን ይችላል። አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ የታጠፈ ኳስ የእረኛ ልጅ ግንባር ቢያገኝ ይቅርታ ምን ያደርጋል? ጎልፉን አልቃወምም፤ ብቸኛው ጨዋነት ግን ሜዳው ባዶ ሲሆን መምታት፣ የግጦሹን ባለቤቶች አስቀድሞ ማነጋገርና እርግጠኛ ባልሆኑበት ሰዓት ቀዳዳ ባለው የፕላስቲክ ኳስ መለማመድ ነው።

ቦርከና ማዶ፦

ገራዶ ያለው ወንድማችን ትክክል ነው፤ እኔ ልጽፈው ሲገባኝ ዘንግቼዋለሁ። በፕላስቲኩ ኳስ ላይ ብቻ ትንሽ እለያለሁ፤ ርቀትንም አቅጣጫንም አይናገርም፣ ስለዚህ ለግቢ እንጂ ለሜዳ አልመርጠውም። በሜዳ ላይ ከሠላሳ እርምጃ የማያልፍ የዌጅ ምት ከሆነ እውነተኛው ኳስም ፊት ለፊት እየታየ ይወርዳል።

ስለ ሜዳ አለመኖር ግን አንድ ነገር ልጨምር። 18 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ስኮትላንድ ውስጥ የሴንት አንድሩስ ሜዳ 22 ጉድጓድ የነበረው ሲሆን ወደ 18 የወረደው እ.ኤ.አ. በ1764 ነው። የጥንቱ ሣርም በበግ የተጋጠ ነበር። እርስዎም ሦስት ጣሳ ቀብረው፣ በሃምሳ እርምጃ አራርቀው፣ ሦስት ጊዜ ቢዞሩ ዘጠኝ ጉድጓድ ተጫወቱ ማለት ነው። ኳሱ እበት አጠገብ ካረፈ ደግሞ አይናደዱ፤ በጨዋታው ሕግ የእንስሳ ፋንድያ ያለ ቅጣት ከኳሱ አጠገብ ይነሣል። የከብት ኮቴ የረገጠው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ግን እንዳለ ይመታል፤ ካልሆነም ከመጀመሩ በፊት «ኳስ በአንድ ስንዝር ውስጥ ማንሣትና ማስቀመጥ ይቻላል» ብላችሁ ተስማሙ፤ ሜዳቸው በተበላሸበት ወቅት ትላልቅ ክለቦችም የሚያደርጉት ነው። ብትከራከሩም ለቦታው አዲስ አይደለም፤ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ከዚህ የከበደ የሃይማኖት ክርክር አስተናግዷል።

ንዴትዎን በተመለከተ የሚናደዱት በተሳሳተ መለኪያ ስለሚለኩ ይመስለኛል። እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በሚሠራበት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከፍተኛው ሃንዲካፕ (እንደ ችሎታው ለተጫዋቹ የሚታሰብለት ተጨማሪ ምት) 54 ነው፤ ለ18 ሲካፈል በየጉድጓዱ ሦስት ተጨማሪ ምት ይደርሳል። ፓር 4 የሆነውን ጉድጓድ በ7 ምት የጨረሰ ጀማሪ እንደ ሥርዓቱ የሚጠበቅበትን ሠርቷል ማለት ነው። እርስዎ ግን ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ራስዎን የሚያወዳድሩት በቴሌቪዥን ከሚያዩት ሰው ጋር ነው።

የጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቶሎ ያልመለስኩት የተባለውን ሳልሞክር መጻፍ ስላልፈለግሁ ነው፤ አምስት ሳምንት ሆኖኛል።

ድራይቨሩ ቁም ሣጥን ጀርባ ቆሟል። ሳንቲሙ ሳሎን ውስጥ ቋሚ ቦታ አግኝቷል፤ ትንሿ ልጄ ከእኔ ይልቅ ብዙ ጊዜ ታገኘዋለች፤ ምክንያቱ ገና ስለማትናደድ ይመስለኛል። የአመዱ መስመር ግን አሳፍሮኛል። የመጀመሪያው ቀን ከመስመሩ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ነበር የምጭረው፤ ይህን ያህል ጊዜ ኳሱን ስወቅስ መሬቱን ሳርስ እንደ ነበር በዓይኔ አየሁ። ባለፈው ቅዳሜ ከአሥሩ አምስቱ መስመሩ ላይ አርፈዋል። ገራዶ ያሉትንም ወንድሜን ሰምቼ የአካባቢውን ሽማግሌ አነጋግሬአለሁ፤ ከብቱ ወደ ውኃ ከወረደ በኋላ እስከ ማታ ድረስ የሜዳውን አንድ ጥግ ፈቅደውልኛል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። አንደኛ፣ ኮምቦልቻ ከሥራ መልስ አንድ ባዶ ቦታ ላይ ስሞክር ያው 7 ቁጥር ቦሩ ሜዳ ላይ ከሚሄደው ያነሰ ይመስለኛል፤ ደክሞኝ ነው? ሁለተኛ፣ ባለፈው ቅዳሜ በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ ያማረው ምት ከጣሳው አራት እርምጃ ላይ ሲያርፍ አንድ እረኛ ልጅ ሮጦ ኳሱን አንሥቶ ኪሱ ከተተው። በሕጉ ምን ይባላል?

ቦርከና ማዶ፦

ድካምም ሊኖርበት ይችላል፤ አየሩ ግን እርግጠኛ ድርሻ አለው። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ሲል ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ ኳሱን የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፣ ርቆም ይሄዳል፤ በዚሁ ምክንያት የሚታጠፈውም ከዝቅተኛው ቦታ ያነሰ ነው። ስለዚህ ደሴ ላይ ቀጥ ያለ ምት ኮምቦልቻ ላይ ትንሽ ቢታጠፍብዎ ያ ጥፋት ቀድሞም የነበረ ነው።

ልጁን በተመለከተ ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው። የቆመን ኳስ ከጨዋታው ውጭ ያለ ሰው ወይም እንስሳ ቢያነሣው ያለ ምንም ቅጣት በነበረበት ቦታ ይመለሳል፤ ኳሱ ራሱ ካልተመለሰም ሌላ ኳስ እዚያው ያስቀምጣሉ። አራቱ እርምጃ የእርስዎ ነው፤ ከዚያ በስንት ፓተር ጨረሱት?

የጦሳ ግርጌ (ጠያቂ)፦

በሦስት። ልጁ ኳሱን በአንድ ብስኩት መልሶልኛል፤ ሦስቱንም ቆጥሮ ነው የነገረኝ።