ኡቺሊሼን «አካዳሚ» ማለት ለምን ያሳስታል? የሶቪየት ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ቃላት

ጠያቂ፦
ስለ ሌኒንግራዱ የፍሩንዜ ባሕር ኃይል «ኡቺሊሼ» (የመኮንኖች ማሠልጠኛ) ታሪክ የተጻፈ የሩሲያኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ ለሚመልስ ሰው፣ ቃሉን «አካዳሚ» ማለት ይበቃል? ችግሩ እዚያው ጽሑፍ ውስጥ «አካዴሚያ» የሚባል ሌላ ተቋም መኖሩ ነው። «ኮርፑስ»፣ «ኩርሳንት» እና «ሚችማን»ም አሉ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መልሕቅ፦
አይበቃም። እኛን የሚያሳስተን የሐረር ጦር አካዳሚ ነው። እሱ እጩ መኮንኖችን ያሠለጥን ስለነበር በአማርኛ «አካዳሚ» ሲባል ጀማሪ መኮንን የሚወጣበት ቤት ይመስለናል። በሶቪየቶች ዘንድ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፦ ወጣቱ ገብቶ ሌይቴናንት ሆኖ የሚወጣበት ኡቺሊሼ ነው፤ አካዴሚያ የሚገባው ግን ዓመታት መርከብ ላይ ያገለገለ መኮንን ነው፣ ለከፍተኛ አዛዥነት ሊዘጋጅ። ሁለቱም ሌኒንግራድ ስለነበሩ አንዱን በሌላው ከተካችሁ፣ የ18 ዓመት ልጅ የአዛዦች ኮሌጅ ገባ ብላችሁ ጻፋችሁ ማለት ነው። እኔ «የባሕር ኃይል መኮንኖች ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት» እላለሁ። ከ1939 በኋላ ለሆነው ዘመን «ከፍተኛ» ጨምሩበት፤ በዚያ ዓመት በይፋ የተጨመረ ቃል ነውና።

ፊደል፦
«ኮርፑስ»ን «ኮር» እንዳትሉት። ኮር በእኛ የጦር ክፍል ነው፣ ክፍለ ጦሮችን የሚያቅፍ። የካዴት ኮርፑስ ግን ትምህርት ቤት ነው። የስሞቹ ተራ ቢታወቅ ይረዳል፦ በ1701 ታላቁ ጴጥሮስ የሒሳብና የባሕር ጉዞ ትምህርት ቤት ያቆመው ባሕር በሌላት ሞስኮ፣ ሱኻሬቭ ግንብ ውስጥ ነበር። ካስተማሩት አንዱ ስኮትላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ሄንሪ ፋርኩሃርሰን ነው። በ1715 በሴንት ፒተርስበርግ (የኋላዋ ሌኒንግራድ) የባሕር አካዳሚ ተከፈተ፤ (ይኸኛው «አካዳሚ» ደግሞ ለጀማሪ ነበር፣ ስለዚህ የመልሕቅ ደንብ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን አይሠራም!)። በ1752 የባሕር ካዴት ኮርፑስ ሆነ። በ1918 ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት ለመርከብ አዛዦች «ኮርስ» ሆኖ ተከፈተ። በ1926 በፍሩንዜ ስም ተሰየመ። ፍሩንዜ መርከበኛ አልነበረም፤ የቀይ ጦር አዛዥ ነበር፣ ጥቅምት 1925 ሲሞት የጦርና የባሕር ኃይል ጉዳዮች ኮሚሳር ስለነበረ ነው ስሙ የተሰጠው።

መልሕቅ፦
እርማቱን ተቀብያለሁ። «ኩርሳንት»ም ከዚያው ከ«ኮርስ» የወጣ ነው። «ካዴት» የዛር ዘመን ሽታ ስለነበረው ተተወና ኩርሳንት ገባ። በአማርኛ «እጩ መኮንን» ልክክ ይላል። ጥንቃቄ የሚፈልገው ናኺሞቬትስ ነው፦ ከ1944 ጀምሮ የተከፈቱት የናኺሞቭ ትምህርት ቤቶች ልጆች ናቸው፣ ገና ተማሪ እንጂ እጩ መኮንን አይባሉም። የኩርሳንት የትምህርት ዓመት የሚታወቀው በግራ እጅጌው ላይ በነበሩት መስመሮች ብዛት ነበር።

ዘብ፦
ከሁሉ የሚያስቸግረው ሚችማን ነው፤ ዘመኑን ሳታዩ አትተርጉሙት። በ1904–1905 የሩሲያና የጃፓን ጦርነት ታሪክ ውስጥ ያለ ሚችማን የመጀመሪያው የመኮንን ማዕረግ ያለው ሰው ነው። ከ1940 ጀምሮ ግን ከበታች ሹሞች ሁሉ ከፍተኛው ሆነ፤ ከ1972 ደግሞ ከበታች ሹም በላይ፣ ከመኮንን በታች ያለ የራሱ እርከን ተሰጠው። የእንግሊዞቹ ሚድሺፕማን (የባሕር ኃይል እጩ መኮንን) የቃሉ ምንጭ ቢሆንም እሱን መጻፍ ሌላ ስሕተት ነው። «ሚችማን» ብላችሁ በመጀመሪያ ሲመጣ በአንድ ሐረግ አብራሩት።

ሌላው ወጥመድ ካፒቴን («ካፒታን») ነው፤ «ራንግ» ማለት ደረጃ ነው። «ካፒታን 1ኛ ራንግ»ን «ሻምበል» ያለ ሰው ኮሎኔሉን ሦስት እርከን አወረደው። በምድር ጦር ሲመዘን ካፒታን-ሌይቴናንት ሻምበል ነው፣ 3ኛ ራንግ ሻለቃ፣ 2ኛ ሌተና ኮሎኔል፣ 1ኛ ኮሎኔል። ቁጥሩ ሲያንስ ማዕረጉ ይበልጣል። በንግግር ሩሲያውያኑ ያሳጥሩታል፦ ካፕሌይ፣ ካፕትሪ፣ ካቭቶራንግ፣ ካፔራንግ። መዝገበ ቃላት ውስጥ ብትፈልጓቸው ላታገኟቸው ትችላላችሁ።

ጠያቂ፦
«ሲስተም ገባ» የሚልም አለ። ማሽን ነው?

ዘብ፦
አይ! «ሲስተማ» በባሕረኞች አፍ ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው። «ሥርዓት» ብሎ መመለስ ሐረጉን ይገድለዋል፤ «ትምህርት ቤት ገባ» በሉት።

ፊደል፦
ከመርከብ ቃላት ሁለት ልጨምር። «ጋልዩን» መጸዳጃ ቤት ነው፤ በሸራ መርከብ ዘመን መርከበኛው የሚጸዳዳው ከመርከቧ የፊት ጫፍ ላይ ነበር፣ የዚያ ቦታ የሆላንድ ስም ነው የቀረው። ጽሑፉ ውስጥ ጋልዩን ይጠረግ ከተባለ ጋሊዮን የሚባለው የድሮ የስፔን መርከብ እንዳይመስላችሁ። «ስክልያንኪ» ሲተረጎም ትናንሽ ብርጭቆዎች ይመስላል፤ ነገሩ የአሸዋ ሰዓቱ ነው። በየግማሽ ሰዓቱ ይገለበጥና ደወል ይመታ ነበር፣ 8 ደወል ሲሞላ ለ4 ሰዓት የሚቆየው የዘብ ተራ ያበቃል። ስለዚህ «8 ስክልያንኪ ተመታ» የሚለውን «8 ሰዓት ሆነ» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ «ዘብ ተቀየረ» ነው የሚሻለው።