ለአራት ቅዳሜ የሚሆን የፍቅርና የብቸኝነት ፊልም ምረጡልኝ (እማማም አብረውን ያያሉ)

ጥያቄ፦ ቅዳሜ_ማታ (አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ እኔ የተከራየሁት ሰርቪስ ቤት ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ፊልም ማየት ጀምረናል። አሥራ አንድ ሰው እንሆናለን። ግድግዳው ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረን በተውሶ ፕሮጀክተር ነው የምናየው። ያለፈው ቅዳሜ ተራው የኔ ነበርና ብልጥ ነኝ ብዬ የአንቶኒዮኒን «ሌክሊሴ» (1962) አቀረብኩ። ሮም ውስጥ አንዲት ሴትና አንድ የአክሲዮን ደላላ ይዋደዳሉ፤ ማታ በተለመደችው መንገድ ጥግ እንገናኝ ብለው ይለያያሉ፤ ሁለቱም አይመጡም። መጨረሻ ላይ ሰባት ደቂቃ ያህል ካሜራው ባዶውን መንገድ ብቻ ያሳያል። እኔ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ዞር ስል ሦስቱ ተኝተዋል፤ አንዱ «ፋይሉ ተበላሽቶ ነው?» ይለኛል። አከራዬ እማማ ደግሞ (ቡና አፍልተው ይዘው ይመጡና አብረውን ቁጭ ይላሉ) «ምነው፣ ልጁ ታመመ እንዴ?» አሉ።

የሚቀጥሉት አራት ቅዳሜዎች ጉዳይ ፍቅር፣ ብቸኝነትና የሻከረ ትዳር ነው፤ መራጯም እኔው ነኝ። ከሆሊውድ ውጭ ቢሆን ደስ ይለኛል። መብራቱ ስለማይታመን ከሁለት ሰዓት ባይበልጥ፣ እማማ ፊት የምንሸማቀቅበት ነገር ባይኖረው። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቶሎ የማያነቡም አሉ። ደግሞ ከመሃላችን አንዷ በቅርቡ ነው የፈታችው። እንድትከፋብኝ አልፈልግም፤ በውሸት ላጽናናትም አልፈልግም። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ምሳ_ዕቃ

እህቴ፣ ሦስት ሰው ብቻ ከተኛ ተሳክቶልሻል። እኔ «ሌክሊሴ»ን ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቴም እንቅልፍ ወስዶኛል።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ለሕንዱ ለሪቴሽ ባትራ «ዘ ላንችቦክስ» (2013) ስጪው። ስሙ ያው ምሳ ዕቃ ማለት ነው። ሙምባይ ውስጥ ዳባዋላ የሚባሉ አመላላሾች ቤት የተሠራ ምሳ በብስክሌትና በባቡር ቢሮ ድረስ ያደርሳሉ፤ ባዶውን ዕቃ ይመልሳሉ። ኢላ የምትባል ሴት ፊቱን ያዞረባትን ባሏን በእጇ ሙያ ልትመልሰው ትጥራለች። ምሳ ዕቃው ግን ተሳስቶ ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት የቀረው ሰውዬ ጠረጴዛ ላይ ያርፋል። ማታ ባሏ ሲገባ ምሳው እንዴት ነበር ትለዋለች፤ ያልሠራችውን ምግብ አመስግኖላት ቁጭ! በማግስቱ ምሳ ዕቃው ውስጥ ደብዳቤ ትጨምራለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ታሪክ በደብዳቤ ነው።

እማማን የሚይዛቸው ግን ከፎቅ በላይ ያሉት «አንቲ» ናቸው። መልካቸው አንዴም አይታይም፤ በመስኮት እየጮኹ ወጥ ያስተምሯታል፣ ቅመም በቅርጫት አድርገው በገመድ ያወርዱላታል። ባላቸው ዓመታት አልጋ ላይ ናቸው፤ ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ከሚዞረው ፋን አይነቀልም። አንቲ ታዲያ ፋኑን የሚወለውሉት ሳያጠፉት፣ እየዞረ እያለ ነው። ፍቅር ነው፣ ምርኮ ነው? እኔ እስካሁን አልቆረጠልኝም።

104 ደቂቃ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። በመሃል አንዲት እናት ከነልጇ ከፎቅ ራሷን ወረወረች የሚል ወሬ ይሰማልና ለጓደኛሽ ቀድመሽ ንገሪያት። ሁዳዴ ላይ ግን እንዳታሳዪው፣ ሆድ ያስጮኻል።

መልስ፦ የድሮ_ጸሐፊ

ልጄ፣ እኔ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። ስለ ትዳር መፍረስ ከሆነ ወሬው፣ የኢራኑ አስጋር ፋርሃዲ «ኤ ሴፓሬሽን» (2011፣ ዓመቱ በፈረንጅ ነው) ያለበት ሌላ አልመርጥም። ሲጀምር ባልና ሚስት ጎን ለጎን ተቀምጠው ፊት ለፊት ወደ ካሜራው ይከራከራሉ። የዳኛው ድምፅ እንጂ መልኩ አይታይም። እሱ ወንበር ላይ የተቀመጥሽው እንግዲህ አንቺ ነሽ። ሚስት ልጃቸውን ይዛ ከአገር ልውጣ ትላለች፤ ባል አእምሯቸውን የሳቱ አባቱን ጥሎ አይሄድም። ልጃቸው መሆንህን እንኳ አያውቁም ስትለው፣ እኔ ግን አባቴ መሆናቸውን አውቃለሁ ይላታል። ፍረጂ እስቲ! ስንት ዓመት የከሳሽና የተከሳሽ ቃል ስጽፍ እንዲህ ሁለቱም እውነት ይዘው የተሟገቱበት መዝገብ ገጥሞኝ አያውቅም።

የበርሊኑን ወርቃማ ድብ አግኝቷል፣ በማግስቱ ዓመት ኦስካርም። 123 ደቂቃ ነው። ከወሰንሽው ሦስት ደቂቃ ያልፋል፤ ለሱ ሲባል ጄኔሬተር ይለመናል። ኢራን ውስጥ ስለተሠራ ባልና ሚስቱ እጅ ለእጅ እንኳ አይነካኩም፤ አከራይሽ እማማ ያለ ሥጋት ያዩታል።

የሚያልቀው ኮሪደር ላይ ነው። ልጅቷ ከአባቷና ከእናቷ ማንን እንደምትመርጥ ለዳኛው ልትናገር ነው፤ ወላጆቿ ውጭ፣ በመስታወት በር ግራና ቀኝ ሆነው ይጠብቃሉ። መልሷ አይሰማም። ያቺን ኮሪደር አውቃታለሁ። የፈታችው ጓደኛሽ ልጅ አላት?

ቅዳሜ_ማታ፦ አላት ጋሼ። ስድስት ዓመቷ ነው።

የድሮ_ጸሐፊ፦ እንግዲያው ለአራተኛው ቅዳሜ አቆዪው። ምን እንዳለበት ንገሪያትና መምጣት አለመምጣቷን እሷ ትወስን።

መልስ፦ ከሙኒክ

እኔ ያለሁት ሙኒክ ነው፤ እዚሁ የተሠራውን የፋስቢንደርን ፊልም (1974) ልጠቁም። በእንግሊዝኛ «አሊ፦ ፊር ኢትስ ዘ ሶል» ይሉታል። የጀርመንኛው ርዕስ ሆን ተብሎ ሰዋስው የጎደለው ነው፣ ልክ ቋንቋችንን ገና የለመደ ሰው «ፍርሃት ነፍስ መብላት» እንደሚለው። እኔ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት እንደዚያ ነበር የማወራው።

ኤሚ ዕድሜዋ ስድሳ ገደማ የሆነ፣ ባሏ የሞተባት የጽዳት ሠራተኛ ናት። ዝናብ ሲጥል አረቦች የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት ትገባለች፤ በዕድሜ በብዙ የምትበልጠው ሞሮኳዊ ሠራተኛ ለዳንስ ይጋብዛታል። ይጋባሉ። ልጆቿን ሰብስባ ስትነግራቸው አንደኛው ተነስቶ ቴሌቪዥኗን በእርግጫ ይሰብራል። ጎረቤቱ ያንሾካሹካል፣ ባለሱቁ አልሸጥም ይላል። ይሄን ሁላችሁም ትጠብቁታላችሁ። ያልጠበቅኩት ቀጥሎ ያለው ነው፤ ሰው እየለዘበ ሲመጣ ጠቡ ወደ ቤት ውስጥ ይገባል። አሊ ኩስኩስ ያምረዋል፤ ኤሚ የጀርመን ምግብ መልመድ አለብህ ትለዋለች። እሱም ኩስኩስ ወደምትሠራለት ሴት ይሄዳል።

ይሄን ያየሁት ከባለቤቴ ጋር ነው፤ ጀርመናዊት ናት። እዚያ ቦታ ላይ ሁለታችንም ዝም አልን። የሊጡን ሽታ አልችልም እያለች ለሁለት ዓመት ቤት ውስጥ እንጀራ አልጋገርኩም ነበር። ፊልሙ ሲያልቅ ምንም አላለችም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ በረንዳው ላይ ያሉትን አበቦች ወደ ጥግ ገፋ አድርጋ ለሊጥ ባልዲዬ ቦታ አበጅታለች።

93 ደቂቃ ነው። አንድ ችግር አለው፤ አሊ ሻወር ሲወስድ ራቁቱን በመስታወት ይታያል፣ ለጥቂት ሰከንድ። ቀድመሽ ዓይተሽ ደቂቃውን ያዢውና ልክ ሲደርስ «እማማ፣ ቡናው በረደ» በያቸው።

መልስ፦ ስፌት

ወይ ጉድ፣ እማማ ስንቴ ወጥ ቤት ሊመላለሱ ነው!

የኔ ምርጫ የሆንግ ኮንጉ ዎንግ ካር ዋይ «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» (2000) ነው። 98 ደቂቃ፣ አንድም መሳሳም የሌለበት። 1962 ላይ ሁለት ባለትዳሮች በአንድ ቀን ጎን ለጎን ያሉ ክፍሎች ተከራይተው ይገባሉ። ወንዱ የራሱ ሚስትና የሴትዮዋ ባል እንደሚማግጡ ይደርስበታል፤ እሷም እንዲሁ። የገባቸው በቦርሳና በክራቫት ነው፤ የሷ ቦርሳ የሚስቱን፣ የሱ ክራቫት የባሏን ይመስላል። የተበደሉት ሁለቱ ይቀራረባሉ፣ ግን እንደነሱ አንሆንም ይላሉ። የሚማግጡት የሁለቱ ፊት ፊልሙን ሙሉ አይታይም።

እንዲያው ብታቀርቢው ግን እንደ ሮሙ ይሆንብሻል። ከመጀመርሽ በፊት ሦስት ነገር ንገሪያቸው። ልብሷን እዩ በያቸው። ያ አንገቱ ቀጥ ብሎ የሚቆም የቻይና ቀሚስ በተቀየረ ቁጥር ሌላ ቀን ሆኗል፤ ፊልሙ ቀን አለፈ ብሎ አይነግርሽም። (ሙያዬ ስፌት ስለሆነ ለቀሚሱ ብቻ ሁለቴ አይቼዋለሁ። አንገቱ ውስጥ ደህና ማጠንከሪያ ጨርቅ ካልገባ እንደዚያ አይቆምም።) ሁለተኛው፣ ኑድል ልትገዛ ደረጃ ስትወርድ ያው ቫዮሊን ይደጋገማል፤ የጎደለ ነገር የለም፣ ኑሯቸው ራሱ ድግግሞሽ ነው። ሦስተኛውና ሰው ሁሉ የሚወናበድበት፣ በመሃል «ሌላ ሴት አለችህ?» ብላ ስታፋጥጠው ሰውዬው ባሏ አይደለም። ባሏን እንዴት እንደምትጠይቅ ከጎረቤቷ ጋር እየተለማመደች ነው። ይሄ ያልገባው ሰው ግማሹ ፊልም አመለጠው።

ጥያቄ_አለኝ፦ እኔም አይቼዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ካምቦዲያ ሄዶ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ያንሾካሾከው ምንድን ነው?

ስፌት፦ አይሰማም። ቀደም ብሎ ለጓደኛው ሲያወራ የድሮ ሰዎች ምስጢር ሲከብዳቸው ተራራ ወጥተው ዛፍ ቦርቡረው ይናገሩና በጭቃ ይደፍኑት ነበር ይላል። እሱ አንኮር ዋት ሄዶ ያንን ነው ያደረገው።

የድሮ_ጸሐፊ፦ የንስሐ አባት ቢኖረው ያን ሁሉ አገር ባላቋረጠ።

መልስ፦ ሲልቨር_ስፕሪንግ

አሜሪካ የተሠራ ቢሆንም ሆሊውድ ሆሊውድ የማይሸት አንድ ልጨምር፦ የሴሊን ሶንግ «ፓስት ላይቭስ» (2023)። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከኮሪያ የወጣች ልጅ፣ እዚያ የቀረው የልጅነት ጓደኛዋ ከ24 ዓመት በኋላ ኒውዮርክ ይመጣል። እሷ ባል አላት። ባልየው ጨዋ ነው፣ እንግዳውም ጨዋ ነው፤ የምትጠሉት ሰው የለም። ዲቪ ደርሶት ሰው ትቶ የወጣ ሁሉ የመጨረሻዋን የታክሲ ጥበቃ ሲያይ ምን እንደሚሆን ገምቱ። 106 ደቂቃ፣ ለእማማም ይሆናል። እዚህ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁና ቤተ መጻሕፍቱ አገልግሎቱን የሚሰጥ ከሆነ፣ «ካኖፒ» የሚባለው የፊልም ድረ ገጽ ላይ ብዙ የዚህ ዓይነት ፊልም በነፃ ታገኛላችሁ።

መልስ፦ ቃና_ወዳድ

የቱርክ ፊልም አንድም አልተጠቀሰም?

ምሳ_ዕቃ፦ የኑሪ ቢልጌ ጄይላን «ኡዛክ» (2002) አለልሽ፤ ግን ቃና ላይ እንደለመድሽው እንዳይመስልሽ። ሥራ የፈታ የገጠር ልጅ ኢስታንቡል ዘመዱ ቤት ያርፋል፤ ዘመድየው የእንግዳው ጫማ ላይ ሽታ ማጥፊያ ይነፋበታል። እንግዳው ሰልችቶት እንዲተኛለት ብሎ አንድ ረጅም የሩሲያ ፊልም ይከፍትና፣ ልጁ ሲሄድለት የብልግና ፊልም ይቀይራል። እጅግ ጎበዝ ፊልም ነው፤ እማማ ፊት ግን አይሞከርም።

መልስ፦ ባለ_ላፕቶፕ

ስለ ጽሑፉ ማንም አልመለሰላትም። አማርኛውን ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ያለበትን ኤስአርቲ ፋይል በኖትፓድ ክፈቺ፤ ቁጥሩንና ሰዓቱን ሳትነኪ ከሥሩ ያለውን ንግግር ብቻ በአማርኛ ተኪው። ሴቭ ስታደርጊ ዩቲኤፍ-8 ምረጪ፤ ካልሆነ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ካሳየሽ ጥፋቱ የፎንቱ ነው፤ የሰብታይትል ማስተካከያው ውስጥ ገብተሽ ኒያላን ወይም አቢሲኒካን ምረጪ። የፊልሙና የጽሑፉ ፋይል ስም አንድ ይሁን፣ አንድ ፎልደር ውስጥ ይቀመጡ። ጽሑፉ ከድምፁ ከቀደመ ወይም ከዘገየ በጂ እና በኤች ቁልፎች ይስተካከላል።

አንድ ፊልም ከሺህ መስመር በላይ ሊኖረው ስለሚችል ለአራት ተካፈሉት። ከሁለት መስመር አታስረዝሙ። የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል አትከተሉ፤ ሰው አንብቦ ሳይጨርስ ያልፋል።

ቅዳሜ_ማታ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ላንችቦክስ»ን አየነው። ትርጉሙን ለአራት ተካፍለን ሐሙስ ሌሊት ጨረስን፤ የአንደኛው ጓደኛችን ክፍል ላይ ኢላ በድንገት «አንቱ» ማለት ጀምራለች እንጂ ሌላው ደህና ነበር። ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መብራት ሄደ። ሻማ ለኩሰን፣ ቡናው ሦስተኛ ደርሶ፣ ምን እንደሚሆኑ ስንከራከር ቆየን። እማማ «ያልሠራችውን ምግብ ሲያመሰግን ያኔ ነው ያበቃለት፤ አሁን ምን ትጠብቃላችሁ?» አሉ። መብራቱ መጣ፣ ጨረስነው፣ ማንም አልተኛም። ሰኞ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ጠሩኝና ኢላ ልትሄድበት የምትመኘው ቡታን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ጠየቁኝ።

የሚቀጥለውን «ኢን ዘ ሙድ ፎር ላቭ» ልናደርግ ነበር። ጓደኛዬ ግን ትናንት ደወለች። ጋሼ የጻፉትን አንብባዋለች። የኢራኑን ለአራተኛ አታቆዪልኝ፣ የፊታችን ቅዳሜ ይሁን፣ ልጄን እናቴ ጋ ትቼ እመጣለሁ አለችኝ።

የድሮ_ጸሐፊ፦ በር አጠገብ የምትቀመጥበት ቦታ ያዙላት፣ መውጣት ካሰኛት እንዳትቸገር። ጄኔሬተሩስ ተገኘ?

ቅዳሜ_ማታ፦ ጎረቤታችን ባለዳቦ ቤቱ እሺ ብሏል፤ ቤንዚኑን እኛ እንችላለን።