የወይራ ቦንሳዬ ቅጠል እየጠቆረ ይረግፋል፤ ምን ላድርግለት?

ጥያቄ፦ የኮተቤዋ (አዲስ አበባ)፣ ጥቅምት 8

ጤና ይስጥልኝ። ዘጠኝ ዓመት የተንከባከብኩት የወይራ ቦንሳይ (በሸክላ ውስጥ አጥሮ እንዲያድግ የሚደረግ ዛፍ) ታሞብኛል። ዛፉን ከሱቅ አልገዛሁትም። የግቢያችን አሮጌ አጥር ሲፈርስ ሠራተኞች ቆርጠው ከጣሉት ጉቶ መካከል ሥሩ ያልደረቀ አንዱን አንሥቼ ተከልኩት፤ በሁለተኛው ወር አቆጠቆጠ። ዛሬ ቁመቱ ሁለት ስንዝር ያህል ነው፤ ግንዱ ግን ከእጄ አንጓ ይወፍራል።

ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ በታችኞቹ ቅርንጫፎች ቅጠል ላይ ክብ ክብ ጥቁር ነጠብጣብ ወጣ። ትልቁ የምስር ፍሬ ያህላል፤ አንዳንዱም ዙሪያውን ቢጫ ቀለበት አለው። ከዚያ ቅጠሉ ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ትናንት ብቻ 31 ቅጠል ለቅሜአለሁ። ጫፍ ላይ ያሉት አዳዲስ ቅጠሎች እስካሁን ንጹሕ ናቸው። በየሁለት ቀኑ አጠጣለሁ፤ ስለ ቦንሳይ በተጻፈ መመሪያ ላይ እንዳነበብኩትም ማታ ማታ ቅጠሉን በመርጫ አረጥባለሁ። ጎረቤቴ የተባይ መድኃኒት እንድረጭበት መክራኛለች። ከመርጨቴ በፊት የሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ነው።

መልስ፦ የጓሮ አትክልተኛ (ባሕር ዳር)

እህቴ፣ አይዞሽ። ቅጠል ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ ብዙ ጊዜ የምግብ እጥረት ነው። የእኔ ሎሚ እንዲሁ ሆኖ ዩሪያ በውኃ በጥብጬ ባጠጣው በአንድ ወር ውስጥ አረንጓዴ ሆነልኝ። አንድ ቁንጥር ያህል ሞክሪለት።

መልስ፦ የእጽዋት ጤና ባለሙያ (ሐዋሳ)

ወንድማችን የተናገረው ለሎሚው ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ወይራ ግን ዩሪያውን ያቆዩት። የናይትሮጅን እጥረት ሲሆን አሮጌው ቅጠል በሙሉ ወጥ ሆኖ ይገረጣል እንጂ ጠርዙ የለየ ነጠብጣብ አያወጣም። የብረት እጥረት ደግሞ የሚጀምረው ከአዲሱ ቅጠል ነው፤ ደም ሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ መካከሉ ቢጫ ይሆናል። የእርስዎ አዳዲስ ቅጠሎች ንጹሕ ናቸው ብለዋል። በዚያ ላይ በፈንገስ ለተያዘ ወይራ ናይትሮጅን ማብዛት ለስላሳና በቀላሉ የሚጠቃ ቅጠል እንዲያወጣ ያደርገዋል።

ሁለት ነገር አይተው ይንገሩኝ። አንደኛ፣ ነጠብጣቡን በረጠበ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉት፤ ይለቃል ወይስ አይለቅም? ሁለተኛ፣ ያለው በቅጠሉ ፊት ነው ወይስ በጀርባው?

የኮተቤዋ፦

አመሰግናለሁ። አሁኑኑ ሞከርኩት፤ በጨርቅም በጥፍርም አይለቅም። ያለው በፊተኛው፣ በሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ ነው። ጀርባው ነጭ እንደሆነ ነው፤ በሁለት ቅጠሎች ላይ ብቻ መካከለኛው ደም ሥር ጠቁሯል።

የእጽዋት ጤና ባለሙያ (ሐዋሳ)፦

እንግዲህ የጎረቤትዎ መድኃኒትም ይቅር። ጥቁሩ በጨርቅ ቢለቅ ኖሮ ጥላሸት የሚመስለው ሻጋታ ነው እል ነበር። እሱ የሚበቅለው ክሽክሽና ቅርፊት የመሰሉ ተባዮች በሚያንጠባጥቡት ጣፋጭ ፈሳሽ ላይ ስለሆነ ተባዩን ማጥፋት ያስፈልግ ነበር። የእርስዎ ግን ከቅጠሉ ቆዳ ውስጥ ገብቷል። ጀርባው በሙሉ ግራጫ ጥላሸት ቢመስል ደግሞ ሰርኮስፖራ የሚባለውን ሌላ የወይራ ፈንገስ እጠረጥር ነበር። በፊተኛው ገጽ ላይ፣ ክብ፣ ቢጫ ቀለበት ያለው፣ ከታችኛው ቅርንጫፍ የጀመረ፣ ቅጠል የሚያረግፍ ከሆነ ወይራ በሚለማባቸው አገሮች «የጣዎስ ዓይን» የሚሉት በሽታ ነው። አምጪው ስፒሎኬያ ኦሊያጂና የተባለ ፈንገስ ነው።

አሁን ከሁሉ በላይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው የጊዜውን ነገር ነው። ዛሬ የሚያዩት ነጠብጣብ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ፈንገሱ ገብቶ ምልክት እስኪያሳይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስድበታል። ስለዚህ ቅጠሉ የተያዘው በሐምሌና በነሐሴ ነው። ዘሩ በዝናብ ፍንጣቂ ከቅጠል ወደ ቅጠል ይሸጋገራል፤ ለመግባትም ቅጠሉ አንድ ቀንና ከዚያ በላይ ሳይደርቅ መቆየት አለበት። 15 ዲግሪ አካባቢ የሆነ ሙቀት ይስማማዋል። የአዲስ አበባ ክረምት ለእሱ የተመቻቸ ቤት ነው። የታችኞቹ ቅርንጫፎች ቀድመው የታመሙትም ጥላ ስለሆኑ ዘግይተው ስለሚደርቁ ነው።

እባክዎን ማታ ማታ ማርጠቡን ዛሬውኑ ያቁሙ። ያ ምክር በማሞቂያ አየሩ ለደረቀ ክፍል ይሆን ይሆናል፤ ደጅ ላለ ወይራ ግን ዝናቡ ካቆመ በኋላ እንኳ ክረምቱን ማራዘም ነው። ውኃ ጠዋት፣ አፈሩ ላይ ብቻ፣ ያውም የላይኛው አፈር ደረቅ ሲል። በየሁለት ቀኑ የሚለውን ቁጥር ይርሱትና ጣትዎን አፈሩ ውስጥ ያስገቡ።

የረገፈውን ቅጠል በሙሉ ለቅመው ያቃጥሉ፤ ማዳበሪያ ጉድጓድ ውስጥ አይጨምሩት። ነጠብጣብ የበዛባቸውን በእጅ ያንሱ። ዛፉን ግን ሙልጭ አድርገው አያራግፉት፤ የታመመ ዛፍ በቀረው ቅጠል ነው የሚተነፍሰው። የተደራረቡትን ቀጫጭን ቅርንጫፎች አየር እንዲገባ ያሳሱ፤ መቀሱንም በአልኮል ይጥረጉ።

ከዚያ መዳብ ያለበት ፀረ ፈንገስ ነው። በግብርና መድኃኒት መደብሮች ኮፐር ኦክሲክሎራይድ በዱቄት ይገኛል፤ መጠኑን ከእሽጉ ላይ ያንብቡ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩ። ጓንትና አፍ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ፀሐይ ሳይበረታ የቅጠሉን ፊትና ጀርባ ያዳርሱ። ለቦንሳይ የተለየው ጥንቃቄ ይህ ነው፦ ከመርጨትዎ በፊት አፈሩን በላስቲክ ይሸፍኑት። በማሳ ላይ የሚንጠባጠበው መዳብ በሰፊው መሬት ይሰራጫል፤ በጥልቀት የለሽ ሸክላ ውስጥ ግን ተጠራቅሞ ሥሩን ይጎዳል። ከተረጨ በኋላ የታመሙት ቅጠሎች በብዛት ቢረግፉ አይደንግጡ፤ መዳቡ ያንን ያደርጋል፤ የበሽታው ምንጭም አብሮ ይወድቃል።

መልስ፦ የገሊላው ሠራተኛ (እስራኤል)

ባለሙያው ያሉት በሙሉ እውነት ነው። እኔ የምሠራው በወይራ እርሻ ላይ ነው። በዕብራይስጥም «ዔይን ሃታቫስ» ይሉታል፤ ዓይኑም ጣዎሱም ለአማርኛ ጆሮ ሩቅ አይደለም፤ መጀመሪያ ስሰማው ወዲያው ነው የገባኝ። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በብርዱ ወራት፣ ከጥቅምት በኋላ ስለሆነ መዳቡ የሚረጨው ከመጀመሪያው ዝናብ በፊት ነው። መዳብ ቅጠሉ ላይ ሆኖ ዘሩ እንዳይበቅል ይከለክላል እንጂ የገባውን አያወጣም። ስለዚህ አንቺ ዘንድ ዋናው ርጭት የአሁኑ ሳይሆን የግንቦት መጨረሻው ነው። ዝናብ ስለሚያጥበው በሐምሌ ሰማዩ ጋብ ባለበት ቀን መድገም ሳያስፈልግ አይቀርም።

ንጹሕ የሚመስለው ቅጠል ውስጥ የተደበቀውን በሽታ ለማየት ቅጠሉን በኮስቲክ ሶዳ ውኃ ይነክሩታል፤ ድብቁ ነጠብጣብ ጠቁሮ ይወጣል። ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ነገር ስለሆነ ግን ቤት ውስጥ እንዳትሞክሪው እህቴ።

መልስ፦ ሸክላና ሥር (አዳማ)

ስለ አፈሩ ማንም አልጠየቀም። ወይራ እግሩ ውኃ ውስጥ ሲቆም ይዳከማል፤ የተዳከመ ዛፍ ደግሞ የረገፈበትን ቅጠል ለመተካት አቅም ያንሰዋል። ሸክላው ከታች ቀዳዳ አለው? ስታጠጪው ውኃው ቶሎ ይወርዳል ወይስ ላዩ ላይ ይቆያል? እኔ ብሎኬት አምራቾች ከሚጠቀሙበት ፑሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ዱቄቱን በወንፊት አራግፌ ጠጠሩን ሁለት እጅ፣ ብስባሽ አንድ እጅ እቀላቅላለሁ። የእኛ ወይራ ለዚህ ሥራ የታደለ ዛፍ ነው፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥም ይኸው ዝርያ ለቦንሳይ ከሚወደዱት የአገሩ ዛፎች አንዱ ነው። ነገር ግን አሁን እንዳትነቅዪው። በሽታና አፈር መቀየር በአንድ ጊዜ አይሆንለትም፤ አዲስ ቅጠል በደንብ እስኪያወጣ ጠብቂ።

የጓሮ አትክልተኛ (ባሕር ዳር)፦

ትምህርት አግኝቻለሁ፤ የዩሪያውን ነገር ተይው እህቴ። ሎሚዬንም በጨርቅ ጠርጌ አየሁት፤ ጥቁሩ ለቀቀ። ጀርባውን ብገለብጠው በክሽክሽ ተሞልቷል።

የኮተቤዋ፣ ኅዳር 21፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ማርጠቡን ያኔውኑ አቆምኩ። ጥቅምት 12 አፈሩን ሸፍኜ መዳቡን ረጨሁ። በቀጣዮቹ አሥር ቀናት የታችኛው ክፍል ከግማሽ በላይ ቅጠሉን አራገፈ፤ አስቀድማችሁ ባትነግሩኝ ኖሮ ዛፉን ገደልኩት ብዬ እጨነቅ ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ የወደቀ ቅጠል የለም። ዛሬ ጠዋት ራቁቱን በቀረው የግራ ቅርንጫፍ ላይ አራት ጥንድ ቡቃያ ቆጠርኩ። ውኃው ግን እንደተባለው ላዩ ላይ ይቆያል፤ ቀዳዳው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በሥር ተደፍኗል። ሸክላውን መቼ ብቀይርለት ይሻላል?

ሸክላና ሥር (አዳማ)፦

ደስ ብሎኛል። ቡቃያዎቹ ጠንክረው ይዘርጉ፤ ብርዱም ይለፍ። የካቲት መጨረሻ ላይ አውጪው። ከሥሩ ከሲሶ በላይ እንዳትቆርጪ፤ አዲሱ ሸክላም ቢያንስ ሦስት ቀዳዳ ይኑረው። ለሁለት ሳምንት ከቀትር ፀሐይ ከልዪው። እስከዚያው በቀዳዳው ቀጭን እንጨት አስገብተሽ የተደፈነውን ቀስ ብለሽ ክፈችለት።